በእንቅርት ላይ ንፍፊት

ይህ ዓምድ ለተወሰነ ጊዜ ባዶ መቅረቱን አይታችሁ «ምን ሆነህ ነው?» እያላችሁ ስልክ የደወላችሁልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔስ ደኅና ነኝ፤ የታመመችው ታላቅ እኅቴ ናት። «ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይሆን ጻፈው፤ ስሜን ግን እንዳታነሣ» ብላ ፈቅዳልኛለች። ስለዚህ እንደ ልጅነቴ «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚወቀስ ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ በአንገቷ ጎን በወጣች አንዲት እብጠት ነው። ባቄላ ታክላለች። አታምም፣ አታሳክክ፣ አትቀላ። እትዬ ወዲያው የጠረጠረችው ቲቢን ነው። በአገር ቤት በአንገት ጎን ያበጠ ንፍፊት አልሻር ሲል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነውና አልፈርድባትም፤ ኢትዮጵያም የአንገት ንፍፊት ቲቢ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ናት። የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። «ቲቢ ነው ካሉኝ ከሥራ ያባርሩኛል» ብላ ስምንት ወር ሙሉ ሻርፕ ጠምጥማ ደበቀችው። በሐምሌ ሙቀት ሻርፕ! እኛም ጉንፋን ነው ስትለን እሺ አልን።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስትሄድ በአልትራሳውንድ አዩዋት፤ በቀጭን መርፌም ከሁለት ቦታ ናሙና ወሰዱ፣ አንዱን ከጎን ካለችው እብጠት፣ ሌላውን ከታይሮይዷ። ታይሮይድ ማለት ከማንቁርታችን በታች በአየር ቧንቧችን ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፉን ዘርግቶ የተቀመጠው፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ነው። ጎኗ ላይ ያለችው ባቄላ የቲቢ አልነበረችም። ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ነበረች፤ መነሻው 1.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ እትዬ ኖራ የማታውቃት የታይሮይድ እብጠት ናት። ይኸውላችሁ፣ ልጂቱ ከእናቲቱ ቀድማ ታየች ማለት ነው። በዚህ በሽታ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ውጤቱን ከእትዬ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሐኪም ቤቱ ስልኬን ነበር የያዘው። የዚያን ዕለት ሌሊት የቤተሰብ ጉባዔ በስልክ ተደረገ። ወንድማችን ከአዲስ አበባ፣ ሌላዋ እኅታችን ከስቶክሆልም፣ እኔ ከዚህ ከቨርጂኒያ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነበር፤ አይነገራት። መርዶ እንኳ በወጉ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚነገረው፤ እንዴት ብለን ነው በሥራ ቀን፣ በነጭ ክፍል፣ በባዕድ ቋንቋ «ካንሰር» የምንላት?

በቀጠሮው ቀን ጸሐፊዋ አስተርጓሚ እንጥራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። «ወንድሟ ነኝ፤ አያስፈልግም» ብዬ ፈረምኩ። የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ሥዕል እየሳሉ አራት ደቂቃ ያህል አስረዱ። እኔም ወደ እትዬ ዞሬ «እንቅርት ቢጤ ነው፤ በቀዶ ጥገና ያወጡታል» አልኳት። አራት ደቂቃ እንግሊዝኛ በስድስት ቃላት አማርኛ! ሐኪሟ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ፤ ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል፤ ጥፋቴን ለመሸፈን ሳይሆን እውነትም ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛው ለየብቻ ስም የሰጣቸውን ሦስት ነገሮች እኛ በአንድ «ዕጢ» እንጠራቸዋለን። በተፈጥሮ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ነው። በበሽታ የበቀለበትም ዕጢ ነው። እግራችን ሲቆስል በብሽሽታችን፣ ጥርሳችን ሲመረቅዝ በአንገታችን የሚያብጠውን ንፍፊትንም የጤና ባለሙያዎቻችን የሊምፍ ዕጢ ይሉታል። ስለዚህ «በዕጢዋ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ወደ ዕጢዎቹ አልፏል» ያለ ሰው አልዋሸም፤ የሰማው ሰው ግን ምንም አልሰማም። «ነቀርሳ» እንበል ካልን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ቲቢን ነውና እትዬ ወደ ሻርፗ ትመለሳለች። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የትኛውንም አልሞከርኩም። ዘለልኩት።

ጉዱ የፈላው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ከ2021 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዚህ አገር በወጣ የፌዴራል ደንብ የምርመራ ውጤት እንደተጻፈ ሳይዘገይ በሽተኛው በስልኩ ሊያየው ይችላል። የእትዬን መዝገብ የምትከፍትላት የ17 ዓመት ልጇ ናት። ልጅቱ ሌሊት ብቻዋን ሆና አነበበችው። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ሜታስታቲክ የሚለውን ቃል ስልኳን ጠይቃ «የተሰራጨ» የሚል መልስ አገኘች። እያለቀሰች እናቷን ቀሰቀሰቻት። «እማዬ፣ ካንሰር ነው። ተሰራጭቷል።»

በኛ አማርኛ «ተሰራጭቷል» ማለት አበቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ቄስ እንጂ ሐኪም አይደለም። እትዬም እንደዚያው ነው የተረዳችው። በማግስቱ ለዕቁብ ሰብሳቢያችን ደውላ ዕጣዋን ለሌላ ሰው አስተላለፈች። የዕድር መዋጮዋ ያለ መጓደሉን አረጋገጠች። ቀዶ ጥገናውን ሰረዘች፤ «ቢላ ሲነካው ይብሳል፤ ለማይድን ነገር አልቆረጥም» ብላ ወደ እንጦጦ ጠበል ለመሄድ ቲኬት ቆረጠች። የመልስ ቲኬት አልነበረውም። እኔን ለአሥር ቀን አላናገረችኝም። ስታናግረኝም ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ጊዜ ቀረኝ ብዬ ብጠይቅህ ያንንም ትዋሸኛለህ።»

በመጨረሻ ያግባባን ንስሐ አባቷ ናቸው። «ጠበሉ አይሸሽም፤ መጀመሪያ ሐኪሟ ያሉትን ሙሉውን ስሚ፤ ከዚያ ትሄጃለሽ» አሏት። በሁለተኛው ቀጠሮ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አስተርጓሚዋ በስልክ ገባች። አንባብያን ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሐኪም ቤት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅን ወይም ዘመድን ማስተርጎም በሕግ የታጠረ ነው። አማርኛ ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከታቀፉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ነው በአንድ ፊርማ ያስቀረሁት።

እትዬ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ መጥታለች። ልሞት ነው ወይ? ቢላ ሲነካው ይሰራጫል ወይ? ሦስተኛው «ወንድሜ ለምን ዋሸኝ?» የሚል ነበር። አስተርጓሚዋ እሱንም አንድ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው። ሐኪሟ ሁለቱን መልሰው ለሦስተኛው ወደ እኔ ጠቆሙ።

መልሳቸውን በራሴ አማርኛ ላስረዳችሁ፤ ከዚያ ወዲህም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ።

ንፍፊት ማለት ኬላ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈዛዛ ፈሳሽ የሚሄድበት ቀጫጭን መንገድ አለ፤ በየመንገዱም ኬላ አለ፤ የአንገታችን ብቻ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ፓፒላሪ የሚባለው ከታይሮይድ ካንሰር ከ10 ስምንቱን የሚይዘው ዓይነት መንገድ ሲጀምር የሚሄደው በዚህ በሊምፍ መንገድ ነው። መጀመሪያ በአየር ቧንቧ አጠገብ ያሉትን፣ ቀጥሎ በአንገት ጎን ያሉትን ንፍፊቶች ይይዛል። በሽታው ሲታወቅ ከ100 በሽተኞች ከ30 እስከ 50 በሚሆኑት አንገት ውስጥ ያለ ንፍፊት ተነክቶ ይገኛል፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየው ጥቃቅኑ ሲጨመር ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። እንግዲህ «ወደ ንፍፊት አልፏል» የሚለው ቃል በጡት ወይም በጨጓራ ካንሰር የሚያስደነግጠውን ያህል በዚህ አያስደነግጥም። ሕዋሱ ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤት ሄዷል እንጂ አመሉን አልቀየረም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ እንደ ታይሮይድም አዮዲን ይወዳል።

አመሉ ይህን ያህል ገር ከመሆኑ የተነሣ የድሮ ሐኪሞችም ተታለዋል። በአንገት ጎን ታይሮይድ የሚመስል ሥጋ ያለበት እብጠት ሲያገኙ፣ ሰውዬው ሲፈጠር ቦታውን ስቶ የቀረ ታይሮይድ ነው እያሉ ለብዙ ዓመታት በመጽሐፍ ጽፈውታል። ከታይሮይድ የመጣ ካንሰር ያለበት ንፍፊት መሆኑ በሰፊው የታመነው ከ1940ዎቹ ወዲህ ነው። እንዲያ የሆነው እብጠቱን ይዘው ለብዙ ዓመታት የሚኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሌላ ማስረጃ ቼርኖቢል ነው። በ1986 ፍንዳታው ሲደርስ ሕፃናትና ወጣቶች ከነበሩት የአካባቢው ነዋሪዎች መካከል እስከ 2005 ከ6000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ተመዝግቧል፤ ብዙዎቹም ወደ አንገት ንፍፊት ያለፈ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የጨረራ ጉዳይ ኮሚቴ ዘገባ መሠረት እስከዚያ ዓመት በበሽታው የሞቱት 15 ናቸው። የ15 ልጆች ሞት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ከ6000 ውስጥ መሆኑን እዩልኝ ለማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው እትዬን እስከ ዛሬ የሚያስገርማት። ሐኪሟ «ደረጃው አንድ ነው» አሉ። አስተርጓሚዋ ተሳስታ እንደሆነ እትዬ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ወደ ንፍፊት ያለፈ ካንሰር እንዴት ደረጃ አንድ ይሆናል? በአብዛኛው ሌላ ካንሰር አይሆንም። በዚህኛው ግን ደረጃው ሲወሰን የበሽተኛው ዕድሜ ይገባበታል። ድንበሩ 45 ዓመት ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አመዳደብ 55 ሆኗል። ከ55 በታች የሆነ ሰው እብጠቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ንፍፊቱም የፈለገውን ያህል ቢነካ፣ እንደ ሳንባና አጥንት ወዳለ ሩቅ አካል እስካልሄደ ድረስ ደረጃ አንድ ይባላል። ከ55 በላይ ከሆነ ንፍፊት የነካው ወደ ደረጃ ሁለት ይወጣል። እትዬ 52 ዓመቷ ነው። «ዕድሜዬን ደብቄ መኖሬ ጠቀመኝ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህም ተተረጎመ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳቀ።

በአሜሪካ መዝገብ ሁሉም የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ተደምሮ፣ ከአንገት ንፍፊትና ከአጎራባች ሥጋ ካላለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት፣ በሽታው ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከ100 ወደ 98 ይጠጋሉ። ወደ ሩቅ አካል ከሄደ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ አካባቢ ይወርዳል። የኬላውና የሩቁ ከተማ ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ አንዱ «ተሰራጭቷል» የሚለው ቃላችን ግን ሁለቱንም ይውጣቸዋል።

ይህን ሲሰማ «ታዲያ ንፍፊቱ ምንም አይደለም» የሚል አይጠፋም፤ ወንድማችንም ከአዲስ አበባ ደውሎ ያንኑ አለ። ነው እንጂ! እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፤ ሰው የሚያምታታውም ሁለቱን ነው። «ይገድላል ወይ?» ለሚለው ንፍፊቱ የሚሰጠው ምላሽ ትንሽ ነው። «ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ለሚለው ግን ዋነኛ መልስ ሰጪው ንፍፊቱ ነው። ስለ ሞትም ቢሆን ፍጹም ዜሮ አይደለም፤ በ2015 የወጣ በብዙ ሺህ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ወጣቶችም ቢሆኑ የተነኩት ንፍፊቶች ሲበዙ የመኖር ዕድላቸው በጥቂቱ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

የመመለሱ ነገር የሚለካው በቁጥርና በመጠን ነው። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ (በ2025 ተሻሽሏል) የተነኩት ንፍፊቶች ከአምስት ካልበለጡና ሁሉም ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆኑ፣ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከ100 አምስት አካባቢ ነው። ከአምስት በላይ ሲሆኑ ወደ 20 ይወጣል። አንዱ እንኳ 3 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ወደ 30 ይጠጋል። ካንሰሩ የንፍፊቱን ቅርፊት ሰብሮ ከወጣ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪም ሲነግራችሁ «ወደ ንፍፊት አልፏል» በሚለው አትቁሙ፤ ስንት ንፍፊት ወጣ፣ ስንቱ ተነካ፣ ትልቁ ስንት ነው፣ ሰብሮ ወጥቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የእትዬ ከወጡት 19 ውስጥ 7 ነው፤ ትልቁ 1.8 ሴንቲ ሜትር፤ ሰብሮ የወጣ የለም። ከአምስት ሰው አንዱ ላይ እንደሚመለስ ዓይነት ማለት ነው። ይህን ሰምታ «አራቱ ውስጥ አድርገኝ» ብላ አማተበች።

ሌሎቹን ዓይነቶች በአጭሩ ልለፍ። ፎሊኩላር የሚባለው ኬላውን ትቶ በደም መንገድ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት የሚሄድ ነው፤ በእሱ «ንፍፊቱ ንጹሕ ነው» መባል ብዙ አያጽናናም። ሜዱላሪ በቤተሰብ ሊወርድ ይችላል፤ ንፍፊት መንካቱም በእሱ ከባድ ምልክት ነው። አናፕላስቲክ የሚባለው ከሁሉ ጥቂትና ከሁሉ የከፋ፣ በአረጋውያን ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚያድግ ነው። «የታይሮይድ ካንሰር ቀላል ነው» የሚለውን ወሬ ስትሰሙ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ።

ፎሊኩላር አዮዲን በሚያንስበት አገር ላይ ድርሻው ከፍ ይላል። ይህ የኛን ደጋ ይመለከታል። እንቅርት በአገራችን የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ተረት ሆኗል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንላለን። ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን የገባበት ጨው በብዛት ይመጣ የነበረው ከአሰብ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ሕዝቡ ወደ አፋር ጨው ዞረ፤ አዮዲን አልነበረውም። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የለበትም። ነገር ግን እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ይዘውት የኖሩት እብጠት በድንገት ካደገ፣ ከጠጠረ፣ ድምፅ ካጎረነነ፣ ወይም እንደ እትዬ በጎን ንፍፊት ካወጣ «የቆየ እንቅርት ነው» ብሎ መተው አይገባም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ሰው ሮጦ አንገቱን በአልትራሳውንድ ይታይ የሚል ምክር በየማኅበሩ ሲሰጥ እሰማለሁ። ደቡብ ኮሪያ ይህን አድርጋ አይታዋለች። ከ1993 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የታይሮይድ ካንሰር ምዝገባ በ15 እጥፍ አደገ፤ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተነቃነቀም። ቢተዉት የማይጎዳ ጥቃቅን ካንሰር እየተለቀመ ነበርና ስንቱ ጤነኛ ያለ ምክንያት አንገቱ ተቀደደ። ምልክት የሌለው ሰው ይተው፤ እብጠት ያለበት ግን ሻርፕ አይጠምጥም።

ወደ ቀዶ ጥገናው ልመለስ። ቢላ ካንሰሩን ይበትነዋል የሚለው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው ሐኪሟ ተናገሩ፤ እንዲያውም በዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት ቢላው ነው። ግን የማን ቢላ የሚለው ለውጥ ያመጣል። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ ታይሮይድ የሚያወጡ ሐኪሞች እጅ ላይ ጉዳቱ እንደሚያንስ አሳይቷል። ስለዚህ «በዓመት ስንት ትሠሪያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። እትዬ አፍራ ነበር፤ ልጇ ጠየቀችላት። ሐኪሟ ሳይከፋቸው መልስ ሰጡ። ጉዳት ስል ሁለት ነገር ነው፤ የድምፅ ነርቭ በታይሮይዱ ሥር ያልፋልና ቢነካ ድምፅ ይሻክራል፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አራት ዕጢዎችም (ይኸው ደግሞ ሌላ ዕጢ!) እዚያው ተለጥፈው ነው የሚኖሩት። እትዬ ለሁለት ሳምንት ከንፈሯንና ጣቶቿን እየነዘራት ካልሲየም ስትውጥ ሰነበተች፤ ከዚያ ተዋት። ድምፅዋ አልተነካም። መቆጣቷን ስላልተወች በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ጨረር ያለው አዮዲን መጣ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ የቀረ የታይሮይድ ሕዋስ ካለ አዮዲን ወዳድነቱ መጥፊያው ይሆናል። ለሁሉም አይሰጥም፤ በ2022 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በሽታው ትንሽ ለሆነባቸውና ንፍፊታቸው ላልተነካ ሰዎች ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። የእትዬ ሰባት ንፍፊት ስለሆነ ግን ተሰጣት። ከመውሰዷ በፊት ለሁለት ሳምንት አዮዲን ያለበት ምግብ ሁሉ ተከለከለች። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ የእንቁላል አስኳል፣ የባሕር ዓሣ፣ አዮዲን ያለበት ጨው። የምግብ ባለሙያዋ እያዘነች ዝርዝሩን ስትሰጣት እትዬ «ይኼማ ጾም ነው!» ብላ ሳቀች። እውነትም ጾም ነው፤ ዓሣ የሚፈቅዱት ብቻ ይከፋቸዋል። ተንኮሉ ያለው በጨው ላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣው ሽሮና በርበሬ ጨው ገብቶበት ከተፈጨ ምን ዓይነት ጨው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ አዮዲን በሌለው ጨው ሌላ በርበሬ አሰናዳንላት።

ክኒኑን ውጣ ቤት ስትመጣ ደግሞ ለብቻዋ መተኛት፣ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን መራቅ ነበረባት። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት ከካንሰሩ ይከብዳል። የታመመ ሊጠይቅ ድፎ ዳቦ ይዞ ስድስት ሰው በር ላይ ቆሞ «ጨረር አላት» ብዬ ስመልስ፣ አንዲት እናት «እኛስ ከሷ አንበልጥም» ብለው ተቀይመው ሄዱ። ቆይቶ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

አሁን ታይሮይድ ስለሌላት ሆርሞኑን በክኒን በየጠዋቱ ትውጣለች፣ ዕድሜ ልኳን። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቡና ክኒኑን ያዳክመዋልና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መጠበቅ አለባት፤ ካልሲየምና ብረት ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ። ካንሰሩን ተቀብላ ቡናውን መቀበል አቅቷት ነበር። አሁን ክኒኑን በ11 ሰዓት ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ትውጣለች፤ ጸሎቷ ሲያልቅ ቡናው ይደርሳል።

ጠበሉን አልተወችም። ባለፈው ጥር ሄዳ ተጠምቃ መጣች፤ በደርሶ መልስ ቲኬት።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ዓመት ቀጠሮዋ ነበር። ታይሮግሎቡሊን የሚባለው የደም ምርመራ ከ0.2 በታች ሆኖ ተገኘ፤ ታይሮይድ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። አልትራሳውንዱ ግን በግራ በኩል አንዲት 6 ሚሊ ሜትር ንፍፊት አሳየ። ጤነኛ ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች። በአንገት ጎን ያለ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ንፍፊት ባይነካና እየታየ ቢቆይ ይሻላል አሉ፤ ስድስት ወር ቆይተን እናየዋለን አሉ። የስልክ አስተርጓሚዋ መስመሯ ተቋርጦ ስለነበር ሐኪሟ ወደ እኔ አዩ። እትዬም አየችኝ።

«አንዲት ንፍፊት ታይታለች፤ ምን እንደሆነች አልታወቀም፤ 6 ሚሊ ሜትር ናት» አልኳት።

ከቦርሳዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ «ሌላ ያሉት የለም?» አለችኝ።

«የለም፣ እትዬ።»

መስመሩ ሲመለስ አስተርጓሚዋን ደግማ ጠየቀቻት።